ገረጋንቲ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ቃል ሳይሰማ አይቀርም፤ ብዙው ግን ከማንኛውም የሙሌት አፈር ጋር ያምታታዋል። ገረጋንቲ ከኮረብታ ወይም ከካባ የሚቆረጥ፣ ጠጠርና የተፈረካከሰ ድንጋይ የበዛበት፣ ሸክላነቱ ያነሰ አፈር ነው። መሐንዲሶች በሰነዳቸው «ሰሌክት ማቴሪያል» ይሉታል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከጥቁሩ ዋልካ ጋር ሲነጻጸር ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲመጣ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤት ወለሉ ይነሣል፣ ግድግዳው ይተረተራል። ስለዚህ ዋልካው ተቆርጦ ይወጣና ቦታው በገረጋንቲ ይሞላል፤ ገረጋንቲ ውሃ ቢያገኝም መጠኑ እምብዛም አይለዋወጥምና።

መሙላት ግን መድፋት ብቻ አይደለም። አፈሩ ብዙ ጊዜ በ20 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ይነጠፋል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተማቸው ጽሑፎች እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ አፈር በሚገባ የሚጠቀጠቅበት የራሱ የውሃ ልክ አለው። ከዚያ ልክ በታች የደረቀም ሆነ ከልኩ አልፎ የጨቀየ አፈር በደንብ አይጠብቅም። ውሃ የማርከፍከፉና የመጠቅጠቁ ደረጃ ሲዘለል ጥሩው ገረጋንቲም ቤቱን ከመስመጥ አያድነውም።

በአሠሪና በአፈር አቅራቢ መካከል ጭቅጭቅ የሚነሣው ደግሞ ሒሳብ ላይ ነው። የተቆፈረ አፈር ስለሚላላ፣ በቢያጆ (በመኪና ጭነት) የተለካው ሜትር ኩብ ከተጠቀጠቀ በኋላ ያንሳል። አሠሪዎች ሆይ፣ ክፍያው መኪና ላይ በተለካው ወይስ ተጠቅጥቆ በተለካው እንደሆነ ውሉ ላይ አስቀድማችሁ አጽፉ።