አየር ሲሳሳ ልብን ማን ያዘዋል?

ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1968)፣ ሜክሲኮ ሲቲ። በ10,000 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ የኛን ማሞ ወልዴን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ገባ። የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ግን ስድስተኛ ወጥቶ መስመሩ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። በኦክስጅን ነው የረዱት።

ምን ነካው? ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሉማሜም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ላይ ቁና ቁና ሲተነፍስ አይታችሁ ይሆናል።

እስቲ ትንፋሻችሁን ያዙ። “ተንፍስ!” የሚለው ጭንቀት የሚመጣው ኦክስጅን ስላለቀ ይመስላችኋል አይደል? ሆልዴንና ፕሪስትሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1905 እንዳሳዩት፣ ትንፋሽን በዋናነት የሚመራው ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱን የሚከታተለው የአንጎል ግንድ ነው። የኦክስጅኑ ለካ ደግሞ አንገት ላይ፣ ወደ ጭንቅላት የሚወጣው የደም ቧንቧ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። ቤልጂየማዊው ኮርኔይ ኸይማንስ የ1938ቱን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው።

ታዲያ ከፍታ ላይ ሁለቱ ይጣላሉ። የአንገቱ “ኦክስጅን አነሰ፣ ቶሎ ቶሎ ተንፍስ” ይላል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ አንጎልም “በቃ፣ ቀዝቀዝ በል” ይላል። (ምህንድስና ለተማርን ሰዎች ይሄ የሚያስቅ ንድፍ ነው።) ኩላሊት የደሙን ኬሚስትሪ አስተካክሎ ጠቡን የሚያበርደው ቀናት ወስዶ ነው።

ልብስ? ነርቭ ባያዘው ኖሮ በደቂቃ 100 ጊዜ ገደማ ይመታ ነበር። ስታርፉ ወደ 70 የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ፍሬን ስለሚይዝበት ነው። መሮጥ ስትጀምሩ መጀመሪያ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ሌሎቹ ነርቮች ነዳጅ የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ግን ጣሪያ አለው። ልብ ጣሪያው ላይ ደርሶ እያንዳንዱ ምት የሚያደርሰው ኦክስጅን ካነሰ፣ ሌላ የሚጨመር ነገር የለም።

በሳምንቱ፣ ጥቅምት 10፣ አበበ ቢቂላ በእግር ጉዳት ማራቶኑን ሲያቋርጥ ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ከ3 ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። ዕድሜው ደግሞ ከ35 አልፎ ነበር!

በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማራዎችን ደም ለክተው ነበር። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የሰሜኖቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም፣ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅንም ከባሕር ዳርቻ ነዋሪ ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ።