ድንገተኛ የሰውነት መዛል ቅኝት በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች እና ዓለም አቀፍ ትስስሩ

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የመውደቅ ወይም የመመታት አደጋ ሳይደርስበት እጁ ወይም እግሩ በድንገት ዝሎ መንቀሳቀስ ሲያቅተው፣ ሁኔታው ድንገተኛ የሰውነት መዛል ይባላል። መንስኤው የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ ከመንስኤዎቹ አንዱ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ነው። ልጁን በማየት ብቻ መንስኤውን መለየት ስለማይቻል፣ ልጁ የተከተበ ቢሆንም እንኳ እያንዳንዱ ሁኔታ ሪፖርት ተደርጎ በላቦራቶሪ እንዲጣራ ይደረጋል።

ለማጣራት ከልጁ ሁለት የሰገራ ናሙናዎች ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳሉ። ሁለቱም መዛሉ ከጀመረ በ14 ቀናት ውስጥ መወሰድ ይኖርባቸዋል፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ቫይረሱን በሰገራ ውስጥ የማግኘት ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ቀበሌዎች ልጅ እግሩ ሲዝል ቤተሰብ በቅድሚያ ወደ ጠበል ወይም ወደ ወጌሻ መውሰዱ የተለመደ ነው። ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ለሚሆንበት ቤተሰብ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት ሱባዔ በጠበል ከተቆየ 14ቱ ቀናት በዚያው ያልቃሉ። ጠበል መጠመቅና ናሙና መስጠት አንዱ ሌላውን የሚከለክል አይደለም። ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የጠበል ቦታ አገልጋይ ወይም ወጌሻ በዕለቱ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቢያሳውቅ ባለሙያው ቀሪውን ያመቻቻል። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የነፃ ስልክ መስመር 8335 ማሳወቅም ይቻላል። ለናሙናው ምርመራ ቤተሰብ የሚከፍለው ገንዘብ የለም።

ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠብቅ የበረዶ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ከደጀን ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በረዶው በረሃው ላይ ከቀለጠ በ14 ቀናት ውስጥ የተወሰደው ናሙና ዋጋ ሊያጣ ስለሚችል፣ የሣጥኑ አያያዝ እንደ ናሙናው አወሳሰድ ጥንቃቄ ይደረግበታል። ምርመራው የሚካሄደው በኢንስቲትዩቱ ብሔራዊ የፖሊዮ ላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪው የዓለም ጤና ድርጅት የፖሊዮ ላቦራቶሪዎች መረብ አባል በመሆኑ፣ ቫይረስ ሲገኝ የዘር መዋቅሩ በሌሎች አገሮች ከተገኙ ቫይረሶች ጋር ይነጻጸራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሶማሌ ክልል የተከሰተው ፖሊዮ መነሻው ምዕራብ አፍሪካ መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነበር።

ሪፖርቱ ከናሙናው ቀድሞ ይጓዛል። በአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር መመሪያ መሠረት፣ ወዲያውኑ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሲጠረጠር ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል መረጃው በየደረጃው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይተላለፋል። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ አባ ሰንጋ፣ ቢጫ ወባ፣ የእብድ ውሻ በሽታና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍም በዚሁ ምድብ ይገኛሉ። ወባ፣ ማጅራት ገትር እና በደጋው የሚታወቁት ተስቦና ግርሻ በየሳምንቱ ሪፖርት ይደረጋሉ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት፣ ለሌሎች አገሮች ሊያሰጋ ይችላል ተብሎ የተገመገመ ክስተት በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ይገለጻል።

ጎጃም ለዚህ ዓይነቱ ትብብር አዲስ አይደለም። የፈንጣጣ ማጥፋት ፕሮግራም በኢትዮጵያ በተጀመረበት እ.ኤ.አ. 1971 በአገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። የኢትዮጵያ ባለሙያዎችና ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር መንደር ለመንደር ሕሙማንን ፈልገዋል። በሽታው እስከ መጨረሻዎቹ ዓመታት ካልጠፋባቸው ቦታዎች መካከል በዓባይ ሸለቆ ዙሪያ ያሉ ተራራማና ገደላማ የጎጃም መንደሮች ይገኙበታል። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ታማሚ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በባሌ ተመዘገበ። ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱም በ1980 ታወጀ።

ፖሊዮ ግን ገና እዚያ አልደረሰም። አፍሪካ ከተፈጥሮ የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2020 ቢረጋገጥም፣ የክትባት ሽፋን ዝቅተኛ በሆነባቸው አካባቢዎች ከክትባት የመነጨ ቫይረስ ከዚያ ወዲህም ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ የአህጉሪቱ አገሮች ታይቷል። የፖሊዮ ጠብታ በውልደት፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

14ቱ ቀናት ያለፉበት ልጅም ከምርመራ አይገለልም። መዛሉ ከጀመረ ከ60 ቀናት በኋላ ባለሙያ ልጁን ዳግም አይቶ እጁ ወይም እግሩ መዛሉን መቀጠል አለመቀጠሉን ይመዘግባል። ስለዚህ ቤተሰቡ በዚያ ጊዜ ለሥራ ወይም ለሌላ ጉዳይ ቀበሌውን የሚለቅ ከሆነ የሚሄድበትን ቦታ ለጤና ኬላው አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል።