ሙዚየም ያልሆነችው መርከብ



ጃፓን ዮኮሱካ የደረሰ ጎብኚ እ.ኤ.አ. በ1905 በፁሺማ የባሕር ውጊያ የተሰለፈችውን «ሚካሳ»ን ያያል። አቴንስ አጠገብ ፋሊሮ የደረሰም በ1912 በባልካን ጦርነት በተዋጋችው «አቬሮፍ» ላይ ወጥቶ መድፎቿን በቅርብ ይመለከታል። የእኛይቱስ የት አለች?

የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት። አሜሪካ «ኦርካ» ብላ በ1944 ሥራ አስጀመረቻት፤ በፓስፊክ ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖች ደጋፊ ሆና አገለገለች። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ተላልፋ ምፅዋ ላይ ዕጩ መኮንኖች ሠለጠኑባት። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

መርከብ ሙዚየም የምትሆነው ከጦርነት በኋላ የምታርፍበት ወደብና የሚጠብቃት ባለቤት ሲኖራት ነው። «ኢትዮጵያ» ሁለቱንም አጣች። አገርን ከመጠበቅ አልፋ ለአድናቆት የምትበቃበት ዕድሜ አልተሰጣትም።

ብረቷ ቢቀልጥም ፎቶግራፉ፣ የአገልግሎት ወረቀቱና የባሕርተኞቿ ትዝታ በየቤቱ አለ። ባለትዝታዎቹ ግን አርጅተዋል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የቀድሞ ባሕርተኛ የሚያውቅ ተማሪ ካለ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ዛሬውኑ ይሂድ። ባሕር የሌለው አገር የመርከብ ሙዚየም የሚጀምረው ከእነዚህ ሰዎች ቃል ነው።