የምፅዋ ገበታ



በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ስለ ምፅዋ የተማርሁት ሁሉ የጦር ወሬ ነበር። ቱርክ ያዛት፣ ግብፅ ተረከባት፣ ኢጣሊያ ወረራት፤ በቃ። በዚያች ወደብ ሰው ምን በልቶ እንደ ኖረ፣ ወደቧስ የእኛን ሌማት ምን እንዳደረገችው የነገረኝ የለም። እኔም ያንኑ ለተማሪዎቼ ሳስተላልፍ ኖርሁ። ዛሬ ጉድለቴን በጥቂቱ ልሙላ። ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ምፅዋን ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ድንበር ተከፍቶ ወንድምና እኅት ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ ጥቂት ቈይቼ እኔም ከመንገደኛው ጋር ተሻግሬ አሥመራ ገባሁ። ከዚያ ወደ ባሕሩ መንገዱ ከ2,300 ሜትር ከፍታ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በጋቢ የጀመሩት ጉዞ በላብ ያልቃል።

አሮጌው ከተማ በደሴት ላይ ነው፤ ከየብስ ጋር የሚያገናኘው በባሕር ውስጥ የተደለደለ መንገድ ነው። የጥንቶቹ ቤቶች ግድግዳ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተሠርቷል። ቱርኮች ምፅዋን የያዙት በ1549 ነው። እዚህ ሱዳን ያለችው ሱዋኪን በድንጋይዋም በታሪኳም እኅቷ ናት፤ በ1850ዎቹ መጨረሻ ሁለቱም አብረው ለግብፅ ገዥ ተላልፈዋል። በጥር 1877 ኢጣሊያኖች ወረዱ። በነሐሴ 1913 የምድር መናወጥ ከተማይቱን አፈረሳት፤ እነሱ መልሰው ገነቧት። በየካቲት 1982 በተደረገው ጦርነትና ከዚያ በኋላ በደርግ አውሮፕላኖች ድብደባ ዳግም ፈረሰች። እኔ ስደርስ ጉልላቱ የተቦደሰው ቤተ መንግሥትና የኢጣሊያ ባንክ የነበረው ሕንፃ ከነቁስላቸው ቆመው ነበር።

ማታ ባሕሩ ዳር ከተደረደሩት ጠረጴዛዎች ባንዱ ተቀመጥሁ። ዓሣውን በጀርባው ሰንጥቀው ይዘረጉታል፤ በርበሬ ይቀቡታል፤ እንደ ጉድጓድ ባለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ አውርደው ይጋግሩታል፤ ከትኩስ ስስ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። ሙያው ከባሕሩ ማዶ ከየመን የመጣ ነው። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ፓስታ በስጎ በልተው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ከዓሣው ስታገል አይተው በጠራ አማርኛ «ልጄ፣ ሹካውን ተወው፤ ዓሣ በእጅ ነው» አሉኝ። የመን፣ ኢጣሊያና ሐበሻ ባንድ ገበታ ተገናኙ።

ነገር ግን ኢጣሊያ በምፅዋ በኩል ያስገባችው ፓስታ ብቻ አይደለም። በጥር 1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል የኢጣሊያ ወታደር ከደመሰሱ በኋላ ሮማ ወደ 20,000 የሚጠጋ ጦር ላከች። ጦር ቀለብ ይሻል፤ ለቀለቡ ከባሕር ማዶ የቁም ከብት በመርከብ መጣ። በብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ እንደ ታመነው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ የገባው ከዚያ ከብት ጋር ነው። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ ያመጣው ለቅሶ ነበር! ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ሞፈር ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ታከሉበት፤ ከ1880 እስከ 1884 አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ኢጣሊያኖች የተራበውን ደጋ ወጥተው አሥመራን ያዙ። በሽታውም በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ከዓለም መጥፋቱ የተረጋገጠው በ2003 ነው።

እንግዲህ ከጥይት ይልቅ ለወታደር ቀለብ የመጣ ከብት ብዙ ሰው ጨረሰ። ይህን በክፍሌ ሰሌዳ ላይ ጽፌው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በአገሬው ጉልበት የተቆፈረው ሐዲድ በ1904 ከምፅዋ አሥመራ ደረሰ። በ1928ቱ ወረራ የፋሽስት ጦር ከነስንቁ በብዛት የተራገፈው በዚሁ ወደብ ነው። ጦሩ በ1933 ተሸንፎ ሄደ፤ ፉርኖው፣ ፓስታው፣ ስጎውና መኪናው ከነስማቸው ቀሩ። የእኛ እናቶችም ስጎው ላይ በርበሬ ነሰነሱበት፤ ከዚያ ወዲያ የኢጣሊያ አይደለም፤ የእኛ ነው።

ምፅዋ ዛሬ የኤርትራ ከተማ ናት። እኛ ደግሞ እዚህ ጎንደር የተወለደውም አሥመራ የተወለደውም ከአንድ ድስት እንቆርሳለን። አንዱ ክፉ ቀን የሁላችንንም አያቶች ጎድቷል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። አያታችሁ ስለዚያ ዘመን የነገረቻችሁን፣ ምን ቅጠል ቀቅለው እንደ በሉ፣ በሬ የሌለው እንዴት እንዳረሰ፣ ለሚመጣው እትም ጽፋችሁ ስጡን። መጽሐፍ በእጃችን የለም፤ የሰማነውን ካልጻፍን ግን ለልጆቻችን የጦሩ ወሬ ብቻ ይቀርላቸዋል።

ከአንድ ስደተኛ መምህር
አል-ጣኢፍ፣ ካርቱም