የባለ39 አሃዙ ብቸኛ ቁጥር ታሪክ፦ ከመርሰን እስከ ሉካ

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሰን በ1644 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ከሚገኙት ቁጥሮች መካከል፣ እስከ 257 ባሉት ርቢዎች፣ ከራሳቸውና ከ1 በቀር አካፋይ የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች የሚወጡት ከ2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ነው ሲል አስፍሯል። ማረጋገጫ ግን አላቀረበም። ዝርዝሩ ውሎ አድሮ ሲፈተሽ 67 እና 257 ያለቦታቸው የገቡ፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ የተዘለሉ ሆነው ተገኙ። 67 የ61 የኅትመት ግድፈት ነው የሚሉ አሉ፤ ግምቱ አንዱን ስሕተት ቢያቃናም ሌሎቹን ስለማይነካ መርሰንን ነጻ የሚያወጣ ሆኖ አላገኘነውም።

በ127 ረገድ ግን ልክ ነበር፤ ይህ እስኪታወቅ 232 ዓመታት አለፉ። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 የ31ኛውን ርቢ ቁጥር ያረጋገጠው ሊሆኑ የሚችሉትን አካፋዮች በብልሃት አጥቦ የቀሩትን በመሞከር ነበርና፣ ያ መንገድ ከ127 ለሚወጣው ባለ39 አሃዝ ቁጥር የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

የሒሳብ ሊቁ ኤድዋር ሉካ በ1876 ያመጣው ለውጥ አካፋይ ፍለጋውን እርግፍ አድርጎ መተው ነው። ዘዴው ዛሬ በተቃና መልኩ ሲቀርብ፣ ከ3 ተነሥቶ ቁጥሩን በራሱ ማባዛት፣ 2 መቀነስ፣ ለሚፈተነው ቁጥር አካፍሎም ቀሪውን መያዝ ነው፤ ይህ ለ127ኛው ርቢ ቁጥር 125 ጊዜ ተደጋግሞ የመጨረሻው ቀሪ ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። በዚያው ዓመት ሉካ 67ኛውን ርቢ ቁጥር አንድም አካፋይ ሳያሳይ ከብቸኞቹ ተራ አስወጣው፤ አካፋዮቹን፣ 193707721 እና 761838257287ን፣ የሒሳብ ሊቁ ኮል ይፋ ያደረጋቸው በ1903 ነው።

በብዛት የሚተረከው ታሪክ ሉካ የ127ኛውን ርቢ ቁጥር ስሌት በ15 ዓመቱ ጀምሮ 19 ዓመት እንደፈጀበት ይናገራል። የተወለደው በ1842 ስለሆነ ድምሩ ይገጥማል፤ የድምር መግጠም ግን ምስክር አይሆንም። 125 ማባዛቶች፣ ባለ39 አሃዝ ቁጥሮች ላይ እንኳ ቢሆኑ፣ ለታታሪ ሰው ቢበዛ የወራት ሥራ ናቸው፤ መሠረት የሆናቸው ንድፈ ሐሳብም በኅትመት ጎልቶ የሚታየው ከ1876 እስከ 1878 በወጡት ጽሑፎቹ ነው። ስለዚህ 19ኙን ዓመት እንደ ተረት እንጂ እንደ መዝገብ አንቀበለውም። በአንጻሩ፣ የሉካ ማረጋገጫዎች ክፍተት እንደነበረባቸው፣ ዘዴውንም ጥብቅ መሠረት ላይ ያቆመው የሒሳብ ሊቁ ሌመር በ1930 መሆኑን አድናቂዎቹ ብዙ ጊዜ ያልፉታል።

ባለ39 አሃዙ የሉካ ቁጥር ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ ሆኖ እስከ 1951 ቆየ። በዚያ ዓመት ፌሪዬ በጠረጴዛ የሒሳብ መኪና ባለ44 አሃዝ፣ ሚለርና ዊለር ደግሞ በካምብሪጁ ኤድሳክ ኮምፒውተር ባለ79 አሃዝ ቁጥር አገኙ፤ ይህ የኋለኛው የተገነባው የሉካን ቁጥር በራሱ አባዝቶ፣ በ180 አባዝቶ፣ 1 በመደመር ነው። «በእጅ የተገኘ ትልቁ» የሚለው ማዕረግ የፌሪዬ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች መኪናውን እንደ እጅ ቆጥረውታል። ያለ ማናቸውም የሒሳብ መሣሪያ ከተረጋገጡት ግን የሉካ ቁጥር ዛሬም ትልቁ ነው።