«ስታድግ ትተወዋለች»

እናቴ ቡና እየቆላች ሰው ከጠራት «እስክመለስ አገላብጪልኝ» ብላኝ ትወጣ ነበር። የማድቤታችን ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ነው። አንዱን ርዕስ ካነበብኩ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ ወሬው የተቀደደ ቦታ ላይ ሲቋረጥ ወደ ጎኑ ገጽ እዘላለሁ። ቡናው ከስሎ ጭሱ እያሳለኝ እንኳ ማማሰያውን እንደያዝኩ ነኝ። እናቴ «ቀልበ ቢስ!» ትላለች። አክስቴ ደግሞ «ተያት፣ ስታድግ ትተወዋለች» ትላታለች።

አደግኩ፤ አልተውኩትም። ዛሬ 44 ዓመቴ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ደመወዝ ሳንቲም ሳላጎድል እሠራለሁ፤ የራሴ ቤት መብራት ግን ካልተቆረጠ ክፍያው ትዝ አይለኝም። ይህ ነገር ኤዲኤችዲ እንደሚባል የሰማሁት አስተማሪዎቹ የተማረሩበትን ልጄን ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት ዕለት ነው። ሐኪሙ ስለ ልጁ በጠየቀኝ ቁጥር ስለ ራሴ ስመልስ ተገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ሳነብ የገረመኝ፣ ሐኪሞቹም የአክስቴን ቃል ሲሉ መኖራቸው ነው። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። በ1798 ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን ስለ አእምሮ ሕመም ባሳተመው መጽሐፍ፣ የውሻ ጩኸት ወይም የበር መዘጋት ሐሳባቸውን የሚበትንባቸውን ሰዎች ገለጸ። ደግነቱ በዕድሜ ይቀንሳል ሲልም ጨመረ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ዓይናቸውን ልጆች ላይ ተከሉ። የፍራንክፈርቱ ሐኪም ሃይንሪክ ሆፍማን በ1840ዎቹ ለልጆች ባዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ፣ ፊሊፕ የሚባል ልጅ ወንበሩን ሲያወዛውዝ የገበታውን ጨርቅ ከነምግቡ ይዞ ይወድቃል። በ1902 ጆርጅ ስቲል ለንደን ላይ ለሐኪሞች ባሰማቸው ንግግሮች የእንዲህ ያሉ ልጆችን ጉድለት ከግብረ ገብ ጋር አያያዘው።

መድኃኒቱ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የልጆች ሆስፒታል ይመራ የነበረው ቻርልስ ብራድሊ፣ የልጆቹን አንጎል በራጅ ለማየት ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ ይቀዳ ነበርና ብርቱ ራስ ምታት ይይዛቸው ነበር። ይሻላቸው ብሎ ቤንዘድሪን የተባለ አነቃቂ ሰጣቸው። ራስ ምታቱ ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ ልጆቹ ግን አርፈው ትምህርታቸውን ያዙ። በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ከ30 ልጆች 14ቱ በትምህርታቸው ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አምጥተዋል። ልጆቹም «የሒሳብ ክኒን» አሉት። እኔ የሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1968 ባወጣው መመሪያ ነገሩን የልጅነት ችግር ብሎ መዘገበው፤ በጉርምስናም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል አለ። ክራይተን ከጻፈ 170 ዓመት አልፎ፣ ቃሉ ያው የአክስቴ ነው።

ስሕተቱ የሚታየውን ብቻ ከመቁጠር የመጣ ይመስለኛል። ወንበር ላይ የሚንጠላጠል ልጅ ሲያድግ እግሩ ይረጋል፤ መቅበጥበጡ ግን ወደ ጭንቅላቱ ይገባል። ግድግዳ እያነበበች በዝምታ ቡና የምታሳርር ልጅማ ከመጀመሪያውም ከቁጥር አልገባችም።

በ1970ዎቹ ዩታ ውስጥ ፖል ዌንደርና ባልደረቦቹ አዋቂዎችን መረመሩ፤ መድኃኒቱንም ሞከሩላቸው። በ1980 መመሪያው ስሙን ወደ ትኩረት ጉድለት ሲለውጥ፣ ከልጅነት ተርፎ የሚቆይ መልክ እንዳለው ተቀበለ። በ2013ቱ እትም ደግሞ 17 ዓመት ለሞላውና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው፣ ለልጅ በሚጠየቁት ስድስት ምልክቶች ፈንታ አምስት ይበቃል ተባለ።

አሁን ቡና ስቆላ ስልኬ በየሁለት ደቂቃው ይጮኽብኛል። መብራቱን የሚከፍለው ባለቤቴ ነው። የማድቤቴን ግድግዳ ነጭ ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ የሚነበብ ነገር የለበትም።

ልጄን «ስታድግ ትተወዋለህ» አልለውም። እናንተም ልጃችሁ ቀልቡ አልሰበሰብ ካለ ሐኪም ጠይቁ። ስለ እሱ ስትመልሱ የራሳችሁን ነገር ስታወሩ ከተገኛችሁ ደግሞ፣ ለራሳችሁም ጠይቁ።