«ግዳይ» ሲሉን

አውስትራሊያዊ ሰላምታ ሲሰጥ «ግዳይ፣ ማይት!» ይላል። «እንደምን ዋልክ ወዳጄ» ማለቱ ነው። እስቲ ይህን ሰላምታ ለአንድ የጋይንት ሽማግሌ አሰሙልኝ። ግዳይ በእኛ አገር የሚጣል ነገር ነው። አዳኝ ይጥለዋል፤ ይፎከርበታል፤ ይዘፈንለታል። ገና ሳይተዋወቁ «ግዳይ!» ያላቸውን ፈረንጅ ሽማግሌው «ምን ጥለህ መጣህ ልጄ?» ብለው ቢጠይቁት ማን ይፈርድባቸዋል?

ቀልዱ ቀልድ ነው። ቁም ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አልተማሩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ ያደገው የልጅ ልጃቸውስ? እሱም ሜልቦርን አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርስ ከአያቱ ብዙ አይሻልም። «ሃው ያ ጎይንግ?» ሲሉት በምን እንደሚሄድ የጠየቁት መስሎት «በአውቶቡስ» ብሎ ይመልሳል። የጠየቁት ግን ደኅንነቱን ነበር። ይህች «በአውቶቡስ» የምትባል መልስ ከየአገሩ ወደ አውስትራሊያ በገቡ ስደተኞች ሁሉ የምትነገር የታወቀች ቀልድ ናት። እኔ ግን ስሰማት ከሳቁ በፊት የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። ያን ሁሉ ዓመት ምን ስንማር ነበር?

ለመልሱ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል። በዘመነ መሳፍንት የጋይንት፣ የእስቴና የስማዳ ሰው ዓይኑ ወደ ደብረ ታቦር ነበር። የራስ አሊ መቀመጫ እዚያ ነበረቻ! ጆን ቤል የተባለው እንግሊዛዊ ወደዚህ አገር ብቅ ያለው በዚያ ዘመን ነው። ወዳጁ ፕላውደን የመንግሥቱ ቆንስል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ አሊ ጋር ውል ተዋዋለ። ቤል ግን ከውል ያለፈ ነገር አደረገ። ከእኛው ሰው ጋር ኖረ፤ የአገር ልጅ አገባ፤ አማርኛ ተናገረ። ኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጎን ተሰልፎ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1860 ለንጉሡ ሲከላከል በጦር ሜዳ ወደቀ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ቋንቋ ለመማር የተቸገረው እንግዳው እንጂ ባለ አገሩ አልነበረም። እንግዳው የተማረውም አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመዝመትና አብሮ በመሞት ነው።

የአውስትራሊያው እንግሊዝኛስ መቼ ወደ እኛ ቀረበ? በ1933 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ሲገቡ የጎጃምን አርበኞች እንዲያግዝ የተላከው «ሚሽን 101» የተባለው ቡድን ውስጥ አምስት አውስትራሊያውያን ነበሩበት። አለን ብራውን የተባለ መኮንንና አራት ሳጅኖች። እስቴ ላይ ቆሞ ዓባይን ሲሻገሩት ጎጃም ነው፤ ሩቅ አይደለም። የዚያኑ ዓመት ክረምት ደብረ ታቦር የመሸገው የጣሊያን ጦርም እጁን ሰጠ። ያን ጊዜ አንድ አርበኛ ከእነዚህ ሳጅኖች አፍ «ግዳይ!» የምትለዋን ሰምቶ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለው! ሰላምታ ሳይሆን ሙገሳ መስላው «እርግጥ ነው፣ ጥያለሁ» ይል ነበር።

ከድል በኋላ እንግሊዝኛ በሰው ሳይሆን በመንግሥት በኩል መጣ። የትምህርት ቋንቋ ሆነ። አስተማሪዎቹም ከየአቅጣጫው መጡ። እንግሊዞቹ በጀኔራል ዊንጌት፣ የካናዳ ኢየሱሳውያን በተፈሪ መኮንን፣ ቀጥሎም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ። ሕንዶቹ በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች በአንድ ጊዜ ገቡ። አንድ ተማሪ ሰባተኛ ክፍል ላይ የሕንዱን «ር» ይማርና ዘጠነኛ ላይ አሜሪካዊው ያፈርስበታል። ቢሆንም እነዚህ ሁሉ ሰዎች ነበሩ። ተማሪ ሲስቅ ይስቃሉ፣ ሲሳሳት ያርማሉ፣ ከትምህርት በኋላ ኳስ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች እንግሊዝኛቸው ዛሬም የሚደነቀው ከመጽሐፉ የተነሣ ብቻ አይመስለኝም። የሚያናግራቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ኋላ ሰዎቹ ሄዱ፤ መጽሐፉ ቀረ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ታየ። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የአዲስ አበባና የገጠር ልጅ አንድ አስተማሪ ይኑራቸው ነው ነገሩ። ግን የፕላዝማው መምህር አይሰማም። ተማሪው እጁን ሲያወጣ እሱ ይቀጥላል። «አልገባኝም» ሲባል እሱ «ደህና ሰንብቱ» ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መምህሩም ይጠፋል። የክፍሉ እውነተኛ አስተማሪ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጨርስ በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ የተባለውን በአማርኛ ይተረጉማል። ከቤቱ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ የስማዳ ልጅ እንግሊዝኛን የሚያውቀው እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ይወርድበታል እንጂ መልስ አይሰጠውም።

ውጤቱን ሁላችንም አየነው። በ2015 ዓ.ም. በተገለጸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ አላሸክምም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ያውቅ እንደነበር በምን ይታወቃል?

የሚገርመው ይህ የሆነበት አገር ቋንቋ ማስተማር የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። ጋይንት እኮ የቤተልሔም አገር ነው። ለድጓ ምስክርነት ከየአገሩ የሚመጣበት። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም እዚያው ነው። ዓባይን ሲሻገሩ ደግሞ እነ ጎንጅ፣ እነ ዋሸራ የቅኔ አገሮች ናቸው። ግዕዝ እናቱ የምታወራለት ልጅ የሌለው ቋንቋ ነው። ገበያ አይወጡበትም፤ ልጅ አያባብሉበትም። የቅኔ ተማሪ ግን በግዕዝ ያስባል። እንዴት? ግሱን ከሸመደደ በኋላ በቃ አይባልም። መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል፤ ከዚያ ዱር ወርዶ የራሱን ይቆጥራል። ማታ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፤ አንዳንዴም ይስቁበታል። ነገ ደግሞ አዲስ። የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ማለት፣ ተማሪው በቋንቋው በየቀኑ አንድ ያልተባለ ነገር ካላለ እንደተማረ አይቆጠርም። ዘመናዊ ትምህርት ቤታችን ከዚህ ሁሉ የወረሰው ሽምደዳውን ብቻ ነው። ግሱን ወሰደና ቅኔውን ጣለው።

ወደ አውስትራሊያ ልመለስ። በደርግ ዘመን ከጎንደር በመተማ በኩል በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ ከዚያም በስደተኝነት አውስትራሊያ የደረሱ ወገኖች አሉን። የሜልቦርኑ ፉትስክሬይ ዛሬ እንጀራ የሚበላበት፣ ቡና የሚፈላበት ሰፈር ነው። መንግሥታቸው ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ገቢ እንግሊዝኛ በነጻ ያስተምራል፤ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ሰው የሚሰጠው 510 ሰዓት ነበር። ደግ ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን «አፍተርኑን» የተባለው ደጅ ሲወጡ «አርቮ» ነው። ቁርሱ «ብሬኪ»፣ ነዳጅ ማደያው «ሰርቮ» ይባላል። ቢራ ቤት አንዱ ተነሥቶ «የእኔ ጩኸት ነው» ቢል አትደንግጡ፤ «የዚህን ዙር እኔ ልክፈል» ማለቱ ነው። ግብዣ ተጠርታችሁ «ሳህን ይዛችሁ ኑ» ከተባላችሁም ባዶ ሳህን ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ብዙ ስደተኛ ባዶውን ይዞ ሄዶ አፍሯል። ሳህኑ ምግብ ያለበት ነው፤ ልክ እኛ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ እንጀራ በመሶብ ይዘን እንደምንሄደው።

ታዲያ ይህ ለቅኔ አገር ልጅ አዲስ ነገር ነው? ሳህን የተባለው ሰሙ ነው፤ ምግቡ ወርቁ። አውስትራሊያዊ በጣም የወደደውን ነገር «ኖት ባድ» ይላል፤ «ክፉ አይደለም» እንደማለት ነው። ገበሬያችንስ? ማሳው ሞልቶ ሳለ «አዝመራው እንዴት ነው?» ሲሉት «ተመስገን፣ ምንም አይል» አይልም? «ኖ ወሪስ» የሚሏትም የእኛዋ «ችግር የለም» ናት። ሁለቱም ሰዎች ከሚሰማቸው አሳንሰው የሚናገሩ፣ ጉራ የሚጠየፉ ናቸው። ቋንቋው ሩቅ ነው፤ ጠባዩ ግን ጎረቤት ነው።

ይህ አነጋገር ለረጅም ጊዜ በገዛ አገሩ የተናቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1788 የመጀመሪያዎቹ መርከቦች የጫኑት ወንጀለኛ ተብሎ የተጋዘ ድሀ ነበር፤ ቋንቋውም የለንደን ጉሮኖና የአየርላንድ ገጠር ነው። እዚያ አገር የተጠናቀረው የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ራሱ የሌቦች ቋንቋ መዝገብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1812 ያዘጋጀው ጄምስ ሃርዲ ቮክስ የተባለ እስረኛ ነው። «የእኛ እንግሊዝኛ ይህ ነው» ብለው ማኳሪ የተባለውን ትልቅ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት በ1981 ነው። ከመቶ ዘጠና ዓመት በኋላ! እኛም አገር የአራዳ ቋንቋ ሲናቅ ኖሯል። ነገር ግን የእስቴ ልጅ መርካቶ ገብቶ «ጀለስ»ን፣ «ችስታ»ን፣ «ፋራ»ን ለመልመድ ስንት ወር ይፈጅበታል? ሦስት? መጽሐፍ የለው፣ ፈተና የለው። ማንም ሊያስተምረው አልተቀጠረም። ያስተማረው አብሮት የሚሠራው፣ የሚስቅበት፣ መልሶ የሚያናግረው ሰው ነው። ያው ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አልገባህ አለው። ልጁ ደነዝ ነው እንዳንል አራድነቱ ይመሰክርበታል።

ከሰው ጎን ቆሞ መማር ምን እንደሚያደርግ ያሳየችን ደግሞ አንዲት አውስትራሊያዊት ናት። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ከባለቤቷ ጋር ለጥቂት ዓመት ብላ መጥታ በ2012 ዓ.ም. እስክትሞት ከዚህ አገር አልለቀቀችም። በወሊድ ተጎድተው ከሰው የተገለሉ የጋይንትና የስማዳ እናቶች ዛሬ ባሕር ዳር ባለው የሃምሊን ማዕከል ይታከማሉ። ታካሚ ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ቀዶ ሐኪም የሆነችው ከእነዚህ ሐኪሞች ጎን ቆማ፣ እያየችና እየሠራች ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር ሸልሟታል። ከቀዶ ሕክምና ይልቅ እንግሊዝኛ ይከብዳል የሚለኝ ካለ ይምጣ።

እኔ ከፈረንጅ አስተማሪ ይምጣልን አልልም። የአውስትራሊያም የእንግሊዝም አነጋገር ለንፋስ መውጫ ተማሪ ግድ አይደለም። የምለው አንድ ነው። በወገዳም፣ በአርብ ገበያም፣ በመካነ ኢየሱስም ያለ የእንግሊዝኛ ክፍል የቅኔ ቤቱን ሕግ ይዋስ። እያንዳንዱ ልጅ በቀን አንዲት የራሱ የሆነች፣ ከመጽሐፍ ያልገለበጣት ዐረፍተ ነገር ቆሞ ይናገር። በጉ ስለጠፋበት ይሁን፣ በመንገድ ስላገኘው ዝናብ፣ የፈለገውን። መምህሩ ይስማው፣ ያርመው፣ ደስ ካለውም ይሳቅ። ለዚህ ፕላዝማ አያስፈልግም፤ ዶላርም አይጠይቅም። አባቶች «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። ሠርዶው በቅሏል። በሬዎቹም እዚያው ናቸው፤ ያልጠመድናቸው እኛ ነን።